የሙዚቃ ጥያቄና መልስ፦ ብራስ ኩዊንቴት ለሚጀምሩ

በዚህ እትም መልስ የሰጠንባቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከሦስት እስከ አምስት ሆነው በነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች የዘመናችንን ቻምበር ሙዚቃ (ለጥቂት ተጫዋቾች፣ ለአንድ መስመር አንድ ሰው ሆኖ የሚጻፍ ሙዚቃ) ለመጫወት ከተነሱ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አምስታችንም በማርሽ ባንድ ያደግን ነን። ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ኢ ፍላት አልቶ ሆርንና ሁለት ትሮምቦን አለን። ፍሬንች ሆርንም ቱባም የለንም። መሣሪያው እስኪገኝ እንጠብቅ ወይስ ባለን እንጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ባላችሁ ጀምሩ። የተለመደው ብራስ ኩዊንቴት ሁለት ትራምፔት፣ ሆርን፣ ትሮምቦንና ቱባ ነው። ቱባው ግን ግዴታ አይደለም። በ1960 የተመሠረተው አሜሪካን ብራስ ኩዊንቴት የታችኛውን ድምፅ የሚያስይዘው ባስ ትሮምቦንን ነው፤ በዚሁ አሰላለፍ የተጻፉ ዘመናዊ ሥራዎችም ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ትሮምቦናችሁ ቴነር ከሆነ አንድን ሥራ ከመምረጣችሁ በፊት የቱባውን ኖታ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ተከታተሉት። ከባስ ክሌፍ በታች በመጀመሪያው ተጨማሪ መስመር ላይ ካለው ኢ የሚወርደውን ኖታ ሁሉ ክበቡት። ትሪገር (በአውራ ጣት የሚጫን፣ ቱቦውን የሚያስረዝም ቫልቭ) የሌለው ቴነር ትሮምቦን ከዚያ ኢ በታች ኢ ፍላት፣ ዲ፣ ዲ ፍላት፣ ሲ እና ቢ የለውም፤ ድምፅ እንደገና የሚያገኘው ፔዳል ቢ ፍላት (የቱቦው መሠረታዊ ድምፅ) ላይ ሲደርስ ነው። የኤፍ ትሪገር ካለው ከቢ በስተቀር ሌሎቹን ያወጣል። የተከበቡት ኖታዎች ጥቂት ከሆኑ ያሉበትን ሐረግ በሙሉ በአንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጉት። አንዷን ኖታ ብቻ ነጥሎ ማንሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ባሱ በድንገት ከትሮምቦኑ በላይ ይወጣል፣ ኮርዱ ይገለበጣል፣ መስመሩም ይሰበራል። ክቡ ከበዛ ያ ሥራ ለእናንተ አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉ።

ወደ አልቶ ሆርኑ ስንመጣ፣ የፍሬንች ሆርን ኖታ የሚጻፈው በኤፍ ስለሆነ ከሚሰማው ድምፅ በአምስተኛ ከፍ ብሎ ነው። በኢ ፍላት አልቶ ሆርን ልዩነቱ ሜጀር ስድስተኛ ነው። ስለዚህ የሆርኑን ድርሻ በሙሉ በአንድ ሙሉ ቶን ከፍ አድርጋችሁ ገልብጡት፤ የሆርኑ ጂ ለአልቶው ኤ ይሆናል። በመስመሩ መነሻ ላይ ሁለት ሻርፕ ጨምሩ፤ ፍላት ካለ ከፍላቱ ሁለት ቀንሱ። ፍሬንች ሆርን በእጅ ተደፍኖ የሚነፋበት ቦታ ካለ አልቶው በእጅ ሊሠራው አይችልም፤ እዚያ ላይ ሚዩት (በመሣሪያው አፍ የሚገባ የድምፅ ማፈኛ) አስገቡ።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ሥራ እንጀምር? ከቀላል ወደ ከባድ ደረጃውን ብትነግሩን። (ከአዳማ)

መልስ፦ ደረጃውን ከመናገራችን በፊት አንድ ነገር ማስገባት አለብን። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ከነፉበት ጊዜ ጀምሮ የነሐስ መሣሪያ በአገራችን የሚታወቀው በትልቅ ባንድ ነው። በባንድ ውስጥ አንዱን መስመር ሦስትና አራት ሰው ይነፋዋል፤ አንዱ ከንፈሩ ሲደክም ሌላው ይሸፍንለታል። በኩዊንቴት ግን ለአንድ መስመር አንድ ሰው ነው፣ የሚሸፍን የለም። ስለዚህ ሥራ ስትመርጡ ጣት ከሚፈጥንበት ቦታ ይልቅ እረፍት የሌለበትን ቦታ ተመልከቱ። አንደኛ ትራምፔቱ ስንት ባር ሳያርፍ እንደሚነፋ ቁጠሩ። ጀማሪ ቡድኖች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በሥራው የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከንፈር ያለቀው ሁለት ገጽ ቀድሞ ነው።

ለመግቢያ የሩሲያዊውን መሐንዲስ የቪክቶር ኤቫልድን ኩዊንቴቶች ውሰዱ። ኦፐስ 5 የታተመው በ1912 ነው። ዘመናዊ አይደለም፤ ነገር ግን አምስቱ ድምፆች እንዴት እንደሚቀባበሉ የሚያስተምር ከእሱ የተሻለ ሥራ አናውቅም። ኤቫልድ ያረፈው በ1935 ስለሆነ ኖታውን ያለ ፈቃድ ችግር መገልበጥ ይቻላል። ሦስት ብቻ ስትገናኙ ደግሞ የፍራንሲስ ፑላንክ የሆርን፣ የትራምፔትና የትሮምቦን ሶናታ አለ። በ1922 የተጻፈ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ሥራ ነው። አጭር ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ሦስቱም እርቃናቸውን የቀሩ ያህል ይጋለጣሉ።

ቀጥሎ ኤሪክ ኢዋዘን በ1987 የጻፈው «ኮልቸስተር ፋንታዚ» ይመጣል። አራት ክፍል አለው፤ ክፍሎቹ የተሰየሙት በእንግሊዟ ኮልቸስተር ከተማ ባሉ መጠጥ ቤቶች ነው። ኮርዶቹ ለጆሮ ቅርብ ናቸው፣ ችግሩ ርዝመቱና የምቱ ግፊት ነው። ከዚያ የማልኮም አርኖልድን የ1961 ኩዊንቴት ሞክሩ። በዚህ ሥራ መካከለኛው ክፍል ሻኮን (በሚደጋገሙ ኮርዶች ላይ እየተለዋወጠ የሚገነባ ቅርጽ) ነው፤ ብዙ ቡድን እዚያ ላይ ከመጀመሪያው አንስቶ ጮክ ብሎ ይነፋና ሲያድግ የሚሄድበት ያጣል። መነሻውን ከምታስቡት በላይ ዝግ አድርጉት።

ሉቶስላቭስኪ በ1982 የጻፈው «ሚኒ ኦቨርቸር» ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሪትሙ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ቆጥሮ እስኪያውቀው ድረስ አብሮ ለመለማመድ አይመችም። የሉቺያኖ ቤሪዮ «ኮል» (1985) እና የጆአን ታወር «ኮፐርዌቭ» (2006) ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ኤሊዮት ካርተር በ1974 ለአሜሪካን ብራስ ኩዊንቴት የጻፈውን ግን ለኋላ አቆዩት። በእሱ ሥራ ውስጥ ተጫዋቾቹ የተለያየ ፍጥነት ይዘው ጎን ለጎን ስለሚሄዱ የጎረቤትን ምት ሰምቶ መከተል ያስታል።

ጥያቄ፦ ሁላችንም በቲዩነር 440 ላይ ተቃኝተን እንነሳለን። ኮርድ ስንይዝ ግን ድምፁ ይርገበገባል፣ ይጋጫል። ቲዩነሩ ነው የሚዋሸው? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ቲዩነሩ አይዋሽም፤ የሚነግራችሁ ግን የፒያኖውን ልክ ነው። ፒያኖ ላይ እያንዳንዱ ግማሽ ቶን እኩል 100 ሴንት ነው። ነሐስ መሣሪያ ግን ድምፁን የሚያወጣው ከቱቦው ተፈጥሯዊ ሃርሞኒኮች (አንድ ቱቦ ርዝመቱ ሳይቀየር ከሚያወጣቸው ተከታታይ ድምፆች) ነው፤ ኮርዱ ሳይርገበገብ የሚቆመውም በሃርሞኒኮቹ ልክ ሲሆን ነው። ልዩነቱን በቃል ያዙት። ሜጀር ሦስተኛ ከፒያኖው 14 ሴንት ዝቅ ይላል፣ ማይነር ሦስተኛ 16 ሴንት ከፍ ይላል፣ አምስተኛ 2 ሴንት ብቻ ከፍ ይላል። ሰባተኛው ሃርሞኒክ 31 ሴንት ዝቅ ያለ ነው።

ይህንን በአንድ ኮርድ እንየው። የቢ ፍላት ሜጀር ኮርድ ይዛችኋል እንበል። ቱባው ብቻውን ቢ ፍላት ይያዝ፣ ሳይንቀሳቀስ። ሁለተኛ ትራምፔቱ ቢ ፍላቱን በላይ ኦክታቭ ይጨምር፤ መርገብገቡ እስኪጠፋ ሌላ ሰው አይግባ። ትሮምቦኑ ኤፍን ያስገባ። በመጨረሻ አንደኛ ትራምፔቱ ከላይ ዲን ይጨምር፤ ሆርኑ ለጊዜው ይቆይ። ይህ ዲ በቢ ፍላት ትራምፔት ላይ የሚነበበው ኢ ሆኖ ነው፤ ያለ ቫልቭ የሚነፋው አምስተኛው ሃርሞኒክ ስለሆነ በተፈጥሮው 14 ሴንት ያህል ዝቅ ያለ ነው። ማለትም ለዚህ ኮርድ የሚያስፈልገው ልክ በመሣሪያው ውስጥ አለ። ትራምፔተኛው በከንፈሩ ወደ ቲዩነሩ አረንጓዴ መስመር ካነሣው ነው ኮርዱን የሚያበላሸው።

ሁለት ባር ቆይቶ ያው ዲ የዲ ኮርድ መነሻ ቢሆንስ? አሁን ዝቅ ማለቱ ስሕተት ነው። ያንኑ ኢ በአንደኛና በሁለተኛ ቫልቭ ይንፋው፤ ስድስተኛው ሃርሞኒክ ስለሚሆን ከፍ ይላል፣ ትርፉን በአንደኛው ስላይድ ያወርደዋል። ጥሩ ትራምፔተኛ ኖታውን ብቻ ሳይሆን ኖታው በኮርዱ ውስጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። በየድርሻችሁ ላይ ረጅም ኮርድ ባለበት ሁሉ «1»፣ «3» ወይም «5» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ፤ መነሻው፣ ሦስተኛው ወይስ አምስተኛው እንደያዛችሁ ማለት ነው። የአንድ ሰዓት የእርሳስ ሥራ የወራት ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ቫልቭም የራሱ ችግር አለው። ሁለተኛው ቫልቭ የቱቦውን ርዝመት በ6 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ አንደኛው በ12፣ ሦስተኛው በ19። አንድና ሦስት አብረው ሲጫኑ 31 በመቶ ይጨምራሉ፤ የሚያስፈልገው ግን 33 ከግማሽ ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ቫልቭ የሚለካው አንደኛው ቀድሞ ባስረዘመው ቱቦ ላይ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ስላይዱ ካልወጣ ኖታው 30 ሴንት ያህል ይሾላል፤ ሦስቱም አብረው ሲጫኑ 50 ይደርሳል። የሦስተኛውን ቫልቭ ስላይድ በየሳምንቱ ቅባት ቀብታችሁ በአንድ ጣት ግፊት እንዲወጣ አድርጉ። ደርቆ የተጣበቀ ስላይድ ይዞ ስለ ኮርድ ማውራት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አዲስ አበባ ለኮንሰርት ልንመጣ ነው። ከፍታው መሣሪያችንን ከቅኝት ያወጣዋል የሚሉን አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ከፍታው ራሱ ቅኝት አይለውጥም። በቱቦው ውስጥ ድምፅ የሚጓዝበት ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው፤ የአየሩ ግፊት መቀነስ ብቻውን አይነካውም። ቅኝቱን የሚለውጠው ብርዱ ነው። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲወርድ ድምፁ 3 ሴንት ያህል ይወርዳል። ጠዋት በ14 ዲግሪ የተቃኘ መሣሪያ ከሰዓት በ22 ዲግሪ ሲነፋ በስሌቱ እስከ 24 ሴንት ይሾላል፤ ትንፋሻችሁ ቱቦውን ስለሚያሞቀው በተግባር ከዚያ ያንሳል። ቱባው ለመሞቅ ከትራምፔቱ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሃያ ደቂቃ ከነፋችሁ በኋላ ተቃኙ፤ በረጅም እረፍት ጊዜም ሞቅ ያለ ትንፋሽ ያለ ድምፅ አሳልፉበት።

ከፍታው የሚነካው እናንተን ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ያንሳል፤ በአገራችሁ በአንድ ትንፋሽ የምትጨርሱት ሐረግ እዚህ ላይ ሊቆረጥባችሁ ይችላል። ከመምጣታችሁ በፊት በቱባውና በትሮምቦኑ ኖታ ላይ ተጨማሪ የመተንፈሻ ምልክት አስገቡ፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ እንዳይተነፍሱ አፈራርቁት። ደርሳችሁ በማግስቱ አትጫወቱ።

ጥያቄ፦ አቀማመጣችን እንዴት ይሁን? ያለ መሪስ አብሮ መነሳት እንዴት ይቻላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ግማሽ ክብ ሥሩ። ሁለቱ ትራምፔቶች በሁለቱ ጫፍ ፊት ለፊት ይተያዩ፣ ቱባው መካከል፣ ሆርኑና ትሮምቦኑ በሁለቱ ጎኑ ይሁኑ። የሆርን አፍ ወደ ኋላ የሚመለከት ስለሆነ ከጀርባው ሁለት ሜትር ባልበለጠ ርቀት ጠንካራ ግድግዳ ይኑር። መጋረጃ ከሆነ ድምፁ ይዋጣል። አነሳሱን አንድ ሰው ይስጥ፤ በሥራው ፍጥነት ልክ አንድ ሙሉ ምት እየሰማ ይተንፍስ፣ ሁሉም አብረውት ይተንፍሱ። መሣሪያ መነቅነቅ አያስፈልግም። አብሮ የተነፈሰ አብሮ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ዘመናዊ ኖታ ላይ የመደመር ምልክት፣ ትንሽ ክብ፣ በኖታው ግንድ ላይ ሦስት ጭረት፣ ከመስመሩ በላይ «ዘምሩ» የሚል እናያለን። ምን እናድርግ? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ የመደመር ምልክት በየመሣሪያው ትርጉሙ ይለያያል፤ ትልቁ ግራ መጋባትም እዚህ ላይ ነው። በትራምፔትና በትሮምቦን ላይ ሃርመን ሚዩቱን በእጅ ወይም አፉን በፕላንጀር (እንደ ጎማ ኩባያ ባለ ሚዩት) ዝጋ ማለት ነው፣ ክቡ ክፈት ማለት ነው። በሆርን ላይ ግን በቀኝ እጅህ ሙሉ በሙሉ ድፈን ማለት ነው። ሲደፈን ድምፁ በግማሽ ቶን ከፍ ስለሚል ሆርነኛው ጣቱን ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጎ ይጫን፤ ይህንንም በኤፍ በኩል እንጂ በቢ ፍላት በኩል አይሞክረው፣ ቅኝቱ አይገጥምም።

ሦስቱ ጭረት ከ«ፍላተር» ጽሑፍ ጋር ከመጣ ምላስ ማንቀጥቀጥ ነው። ረጅም «ርርር» እያላችሁ ንፉ። ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ምላሱ የሚቆመው አየሩ ስለሚያንስ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ቢሆንም አየሩን አትቀንሱ።

«ዘምሩ» የሚለው እየነፉ በጉሮሮ ሌላ ኖታ ማውጣት ነው፤ በትሮምቦን ይቀላል። ትሮምቦኑ በባስ ክሌፍ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን ቢ ፍላት ይንፋ፣ ከላዩ ያለውን አሥረኛ፣ ዲን፣ ይዘምር። ልኩ ሲገኝ መካከላቸው ማንም ያልነፋው ኤፍ ይሰማል። ያ ኤፍ ካልተሰማ መስተካከል ያለበት ዘፈኑ ነው፣ ከንፈሩን አትንኩት።

ስለ ሚዩት አንድ ነገር፤ ለማስገባት ወይም ለማውጣት ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ያስፈልጋል። ጊዜው ካልተሰጣችሁ ከሌላ ተጫዋች ጋር ኖታ ተቀያየሩ። ወለል ላይ እንዳይወድቅ የመሣሪያውን አፍ ውስጡን በትንፋሽ አርጥባችሁ ቡሹን ትንሽ አዙራችሁ አስገቡት። ስትሬት ሚዩትና ሃርመን ብዙውን ጊዜ ድምፁን ስለሚያሾሉት ከሚዩት ጋር የሚነፋውን ክፍል ለብቻው ተቃኙ።

ጥያቄ፦ በአንቺሆዬ ቅኝት ለብራስ ኩዊንቴት እየጻፍኩ ነው። ትሮምቦኑ እንደ ማሲንቆ እንዲንሸራተት እፈልጋለሁ። ሲለማመዱት ግን አንዳንዱ ቦታ ይቆረጣል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሚቆረጠው ሁለት ኖታዎች በአንድ ሃርሞኒክ ላይ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። ትሮምቦን ሳይቆረጥ የሚንሸራተተው በአንድ ሃርሞኒክ ላይ ብቻ ነው፤ ሰባት ፖዚሽን (የስላይድ ቦታ) ስላለው ርቀቱ ከስድስት ግማሽ ቶን አይበልጥም። ከሲ የሚነሳውን አንቺሆዬ እንውሰድ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። በባስ ክሌፍ ሁለተኛው ክፍተት ላይ ካለው ሲ ጀምረው ከሆነ ሲ፣ ዲ ፍላትና ኤፍ ሦስቱም በሦስተኛው ሃርሞኒክ ላይ ናቸው፤ ፖዚሽናቸው 6፣ 5 እና 1 ነው፣ ያለ ችግር ይንሸራተታል። ጂ ፍላትና ኤ ግን በአራተኛው ሃርሞኒክ ላይ በ5 እና በ2 ፖዚሽን ነው ያሉት። ስለዚህ ከኤፍ ወደ ጂ ፍላት ሲሄድ ይቆረጥብዎታል። መፍትሔው ኤፍን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። የመጀመሪያው የሐረጉ መድረሻ ይሁን፤ ትንሽ እረፍት ይስጡና ሁለተኛውን ኤፍ በአራተኛው ሃርሞኒክ በ6 ፖዚሽን ያስነሱት፤ ከዚያ እስከ ኤ ድረስ ሳይቆረጥ ይወጣል።

ከኮርድ አንጻር ይህ ቅኝት ከሲ ላይ ንጹሕ አምስተኛ የለውም፤ ንጹሕ አምስተኛ ያለው ከኤፍ ወደ ሲ እና ከጂ ፍላት ወደ ዲ ፍላት ነው። ቱባውን ኤፍ ላይ ካቆሙት ከሲና ከኤ ጋር ሆኖ የኤፍ ሜጀር ኮርድ ይሆናል፣ አንቺሆዬውም ከጆሮ ይጠፋል። ይህ በብዙ ጅምር ሥራዎች የሚታይ ድክመት ነው። ቱባውን ሲ ላይ አቆዩት፤ ዲ ፍላቱን ከእሱ በሁለት ኦክታቭ ርቀት ለሆርኑ ይስጡት። ሲና ዲ ፍላት በታች በቱባና በትሮምቦን ተጠጋግተው ሲነፉ ኖታው አይለይም፣ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው።

የክራርን ልክ የተከተለ፣ ከግማሽ ቶን ያነሰ ወይም የበለጠ ርቀት ከፈለጉ በኖታው ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ያድርጉ፤ ስንት ሴንት እንደሚፈልጉም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፉ። ትሮምቦኑ በስላይዱ፣ ሆርኑ በእጁ ያገኙታል። ትራምፔቱ በቀላሉ የሚያገኘው ስላይድ የሚያንቀሳቅሱት ቫልቮች በተጫኑበት ኖታ ላይ ብቻ ስለሆነ ለእሱ ያለ ቫልቭ የሚነፋ ኖታ ላይ ቀስት አያድርጉ። ፖዚሽኖቹን ራስዎ በትሮምቦኑ ድርሻ ላይ ይጻፉ፤ ተጫዋቹ በልማድ ኤፍን በ1 ስለሚወስደው ቁጥሩን ካላየ ያው መቆረጥ ይደገማል።